ጠመንጃውን አስቀምጦ ብርሃን ያነገበው አዳኝ

ሌሊት ነው። ጨረቃ የለችም። አንዲት ታንኳ ኮሽታ ሳታሰማ የሐይቁን ዳርቻ ይዛ ትንሸራተታለች። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ውኃው እንዳይንቦጫረቅ መቅዘፊያውን ሳያወጣ በዝግታ ይቀዝፋል። ከፊት ያለው ደግሞ ከራሱ ከፍ ብሎ ከበራው ፋኖስ በታች፣ በጥላው ውስጥ ተሸሽጎ ጨለማውን ይቃኛል። ድንገት ከሸምበቆው መካከል ሁለት ፍም የመሰሉ ነጥቦች ያበራሉ። ውኃ ሊጠጣ የወረደ አጋዘን ዓይኖች ናቸው። ታንኳዋ ትቀርባለች፣ አሁንም ትቀርባለች። ሰውየው ቃታውን ይስባል። ነጭ ብርሃን ሐይቁን፣ ጥዱንና ሰማዩን በአንድ ቅጽበት ገልጦ መልሶ ይደፍነዋል። አጋዘኑ ግን አልወደቀም፤ ውኃውን እየረጨ ወደ ጫካው ገባ። በታንኳዋ ውስጥ የቀረው ምስሉ ብቻ ነው።

ያ ሰው ሳልሳዊ ጆርጅ ሻይራስ ይባላል። የሕግ ባለሙያ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ ከሁሉም በላይ ግን በሌሊት፣ በውኃ ላይ፣ የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ በማንሣት ከቀዳሚዎቹ ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ይሁንና ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ የሚያልፉ ዳክዬዎችና ዝይዎች ባለውለታ የሆነው በፎቶግራፉ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንግለጽ።

ሻይራስ የተወለደው በ1859 የመጀመሪያው ቀን፣ ጥር 1፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት አሌጌኒ በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ ኋላ ከፒትስበርግ ጋር ተቀላቅላለች። ቤተሰቡ ባለጸጋና የተማረ ነበር፤ አባቱ ከ1892 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል። የሕፃኑን ልብ የማረከው ግን የአባቱ የሕግ መጻሕፍት አልነበሩም። ቤተሰቡ በየበጋው ወደ ሰሜን ተጉዞ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ማርኬት የተሰኘች የሚቺጋን ከተማ የመክረም ልማድ ነበረው። አያቱ ገና ከተማዋ ስትቆረቆር በ1849 ለዓሣ ማጥመድ የመጡባት ስፍራ ናት።

በ1870 የ11 ዓመቱ ጆርጅ ጃክ ላፒት ከተባለ የአገሬው ተወላጅ መሪ ጋር ከማርኬት በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ፣ በጫካ ወደ ተከበበ አንድ ትንሽ ሐይቅ ተጓዘ። ኋይትፊሽ ሐይቅ ይባላል። ልጁ ያን ሐይቅ ካየ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ትምህርት ቢወስደው፣ ሥራ ቢጠራው፣ ምክር ቤት ቢያስቀምጠው፣ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ነበር።

በዚያ ምድር ለዘመናት የኖሩት የኦጂብዌ ሕዝቦች በሌሊት የሚያድኑበት ጥበብ ነበራቸው። በታንኳው አፍንጫ ላይ እሳት ያነዳሉ፤ አውሬው በብርሃኑ ተደንቆ ዓይኑን ተክሎ ይቆማል፤ ከብርሃኑ በታች በጥላ የተቀመጠውን ሰው ግን አያየውም። ዓይኑ እንደ መስታወት ብርሃኑን መልሶ ስለሚያበራ አዳኙ የት እንዳለ ያውቃል። በኋላ ነጮቹ አዳኞች ጥበቡን ወርሰው የጥድ ፍልጥ በመጥበሻ ላይ ማንደድ፣ ቀጥሎም አንጸባራቂ ያለው የላምባ ፋኖስ መጠቀም ጀመሩ። ሻይራስም በልጅነቱ የተማረው ይህንኑ ነው። ስለ ሌሊት ፎቶግራፍ የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኞቹ ከሻይራስ ይጀምራሉ። እኛ ግን ከኦጂብዌ ታንኳ ቢጀምሩ ፍትሐዊ ይሆን ነበር እንላለን። የካሜራው ባለቤት ሻይራስ ቢሆንም ብርሃንን በጨለማ ውኃ ላይ የመጠቀም ዕውቀት የእነርሱ ነበርና።

ሻይራስ በ1881 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በ1883 ከዬል የሕግ ትምህርቱን አጠናቅቆ በጥብቅና ሥራ ተሠማራ። በ1885 የማርኬት ከተማ ታዋቂ ሰው የነበሩትን የፒተር ኋይትን ልጅ ፍራንሲስን አገባ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሕይወቱ ከብዙ ባለጸጋ የዘመኑ ወጣቶች አይለይም፤ ክረምቱን ይሠራል፣ በጋውን ያድናል።

ለውጡ የመጣው ወደ ሠላሳ ዓመት ሲጠጋ ነው። በ1889 በጠመንጃው ፋንታ ካሜራ ይዞ ወደ ሐይቁ ወረደ። ምክንያቱ በአንድ ሌሊት የተገለጠ ራእይ አልነበረም። ማደን የሚፈቀደው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ካሜራ ግን የተከለከለ ወቅት የለውም። ደግሞም አንድ ጊዜ የተገደለ አጋዘን ሁለተኛ አይገኝም፤ ፎቶ የተነሣው ግን ነገም እዚያው ይጠብቃል። አዳኝነቱን በአንድ ቀን አልተወም፤ ቀስ በቀስ ነው ካሜራው የጠመንጃውን ቦታ የወሰደው።

ችግሩ ብርሃን ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራ ምስል የሚይዘው ኬሚካል በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው ብርሃን ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ የዱር እንስሳ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ነገሩን በወፍ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትበርር ዳክዬ በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ትጓዛለች። የካሜራው መዝጊያ ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢከፈት፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ዳክዬዋ 2 ሜትር ሄዳለች፤ በሰሌዳው ላይ የሚቀረው እንደ ጢስ የተዘረጋ ግርፍ ነው። ጥርት ብላ እንድትታይ መዝጊያው ለሰከንድ አንድ ሺኛ ብቻ መከፈት አለበት። ያን ጊዜ የምትንቀሳቀሰው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰከንድ አንድ ሺኛ የሚገባው ብርሃን ግን በአንድ አሥረኛ ከሚገባው መቶ እጅ ያነሰ ነው። ይህን ጠራራ ፀሐይ ሊክሰው ይችላል፤ ማለዳና አመሻሽ ግን አይክሱትም። በሐይቅ ዳር የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ የውኃ ወፎች ተነሥተው የሚበርሩት፣ አውሬውም ወደ ውኃ የሚወርደው በዚያችው ብርሃን በምታንስበት ሰዓት ነው።

ሻይራስ መፍትሔውን የፈለገው ብርሃኑን ይዞ በመሄድ ነው። በዘመኑ የማግኒዥየም ዱቄት በእሳት ሲያያዝ እንደ መብረቅ የሚያበራ መሆኑ ታውቆ ነበር። ጥቅሙ ብርሃኑ ብቻ አልነበረም፤ አጭርነቱም ጭምር እንጂ። በድቅድቅ ጨለማ የካሜራው ዓይን ክፍት ሆኖ ቢቆይ እንኳ ዱቄቱ እስኪነድ ድረስ የሚገባ ነገር የለም፤ ስለዚህ የብልጭታው ዕድሜ ራሱ እንደ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል። ጨለማው ጠላት መሆኑ ቀርቶ ረዳት ሆነ ማለት ነው።

አባባሉ ቀላል፣ ሥራው ግን አደገኛ ነበር። ዱቄቱ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ አይነድም፤ ሲበዛ ይፈነዳል። በዚያ ዘመን በብልጭታ ዱቄት ፊታቸውን የተቃጠሉ፣ ጣቶቻቸውን ያጡ ፎቶ አንሺዎች ጥቂት አልነበሩም። በምትወዛወዝ ጠባብ ታንኳ ላይ፣ ነበልባልና ባሩድ መሰል ዱቄት አቀራርቦ መቀመጥ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት። ከብልጭታው በኋላም ዓይን ለደቂቃዎች ይጨልማል፤ ጢሱ በውኃው ላይ ይንጣለላል፤ ሙከራው መልካም ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሰሌዳው በኬሚካል ታጥቦ ሲወጣ ነው። ብዙ ሌሊት ባዶ እጁን ተመልሷል። ለብዙ ዓመታት በታንኳው የኋላ መቀመጫ ሆኖ የቀዘፈለት ረዳቱ ጆን ሃመር ባይኖር ከእነዚያ ሥዕሎች ስንቱ በተገኘ ነበር? ቃታውን የሚስበው እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው የቀዛፊው እርጋታ ነውና።

ሌላው ብልሃቱ እንስሳው ራሱን ፎቶ እንዲያነሣ ማድረግ ነበር። ካሜራውን በዛፍ ወይም በእንጨት ላይ ያስርና ቀጭን ክር በመተላለፊያው ላይ ይዘረጋል፣ ወይም በክሩ ጫፍ ምግብ ያስራል። እንስሳው ክሩን ሲነካ ብልጭታው ይነድዳል፣ መዝጊያውም ይከፈታል። ዛሬ በየጥብቅ ደኑ ተተክለው የዱር እንስሳትን የሚቆጥሩት ካሜራዎች የዚህ ክር የልጅ ልጆች ናቸው። ሁለት ብልጭታ በተከታታይ የማንደድ ዘዴም ፈጠረ፤ የመጀመሪያው እንስሳውን ቆሞ ሳለ ይይዘዋል፣ ያስደነግጠዋልም። ሁለተኛው ደግሞ በአየር ላይ ሲዘል ይይዘዋል። በእርግጥ ያ ድንጋጤ ለእንስሳው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዛሬ ዘመን ሥነ ምግባር ሁሉንም ዘዴዎቹን አይቀበልለትም።

በ1900 አሥር የሌሊት ፎቶግራፎቹ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ቀርበው የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። በውኃው ላይ ጥላቸው የወደቀ አጋዘኖች፣ ጭለማው እንደ ጥቁር ግምጃ ከበስተ ኋላቸው የተዘረጋ፣ ጆሯቸውን አቁመው የሚያዳምጡ። ያን ጊዜ የዱር እንስሳ በሌሊት ምን እንደሚመስል በሥዕል ያየ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ እትሙ 74 ፎቶግራፎቹን በአንድ ጊዜ አሳተመ። አንባቢው ተደነቀ፤ ከማኅበሩ ቦርድ አባላት ሁለቱ ግን መጽሔቱን የሥዕል መጽሐፍ አደረጋችሁት ብለው ተቆጥተው ለቀቁ። መጽሔቱ ዛሬ በምን እንደሚታወቅ ለሚያውቅ ሰው የሁለቱ ሰዎች ቁጣ ፈገግ ያሰኛል።

ሻይራስ አጋዘንን ብቻ አልተከተለም። በፍሎሪዳና በቨርጂኒያ የባሕር ዳርቻዎች የውኃ ወፎችን ለዓመታት ተመልክቷል። እዚያ ያየው ነገር ግን ከማድነቅ ይልቅ ያሳዘነው ነበር፤ ወፎቹ እያለቁ ነበር።

በዘመኑ ወፍ ማደን የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም፤ ትልቅ ንግድ ነበር። ባቡር የሐይቅና የባሕር ዳርቻዎችን ከከተሞች ጋር ካገናኘ ወዲህ የዳክዬ ሥጋ በበርሜል እየታጨቀ ወደ ገበያ ይጫን ጀመር። ነጋዴ አዳኞች በጀልባ አፍንጫ ላይ የሚጠመዱ፣ በአንድ ተኩስ በርካታ ወፎችን የሚጥሉ ግዙፍ ጠመንጃዎች ነበሯቸው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በምሥራቁ የባሕር ወሽመጦች እነዚህ አዳኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ በሌሊት አንጸባራቂ ያለው ፋኖስ በጀልባቸው ላይ አብርተው፣ በውኃው ላይ ወደ ተኛው መንጋ በዝግታ ይቀርባሉ። ብርሃኑ ያው ነው፤ ውኃው ያው ነው፤ ጸጥታውም ያው። በኋይትፊሽ ሐይቅ ምስል የሚያመጣው መብራት እዚህ መንጋ ይጨርስ ነበር።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ ነበረው፤ ችግሩም እሱ ነው። ወፍ ድንበር አያውቅም። በጸደይ ወደ መራቢያው ወደ ካናዳ ሲወጣ አሥር ግዛት ያቋርጣል፤ በመጸው ሲወርድም እንዲሁ። አንዱ ግዛት በጸደይ ማደንን ሲከለክል ጎረቤቱ ይፈቅዳል፤ አንዱ ሲያጥር ሌላው አጥሩን ያፈርሳል። የከለከለው ግዛት አዳኝም፣ እኔ የማርኳትን ጎረቤቴ ከገደላት ምን አተረፍኩ ብሎ ማጉረምረሙ አልቀረም። እውነትም ነበረው።

ሻይራስ ከ1903 እስከ 1905 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ። አንድ የሥራ ዘመን ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አልተወዳደረም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን፣ በታኅሣሥ 1904፣ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ግዛት የማይኖር ወፍ የአንድ ግዛት ንብረት ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ጥበቃው የማዕከላዊው መንግሥት ይሁን። በረቂቁ ዝይ፣ ዳክዬ፣ የባሕር ዳርቻ ወፎች፣ እንዲሁም የዱር እርግብ በስም ተዘርዝረው ነበር።

ሐሳቡ ከባድ ተቃውሞ ነበረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 በሰጠው ውሳኔ የዱር እንስሳት ባለቤትነት የየግዛቱ ሕዝብ ነው ብሎ ነበር። ያን ውሳኔ ከደገፉት ዳኞች አንዱ ደግሞ የገዛ አባቱ ነበሩ። ልጁ የአባቱን ፍርድ የሚያሻግር መንገድ መፈለግ ነበረበት። ረቂቁ በዚያ ምክር ቤት ድምፅ ሳያገኝ ቀረ፤ ሻይራስም ከወንበሩ ተነሣ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ሌሎች እንደራሴዎች አንሥተው ያዙት፤ እሱም ከውጭ ሆኖ መጻፉንና መሟገቱን ቀጠለ።

ነገሩን ከአዳኞች ክበብ አውጥቶ ወደ አርሶ አደሩ ደጅ ያደረሰው አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ነው። ኋላ በቀረበው ረቂቅ ከሚታደኑት ወፎች ሌላ ነፍሳት የሚበሉ ትናንሽ ወፎችም ተካተቱ። ሰብሉን ተባይ የሚያወድምበት ገበሬ ስለ ዳክዬ ላይጨነቅ ይችላል፤ አባጨጓሬ ስለምትለቅም ወፍ ግን ግድ ይለዋል። ዊክስና ማክሊን በተባሉት አቅራቢዎቹ ስም የሚጠራው ሕግ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ በጀት ጋር ተያይዞ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ታፍት በሥልጣናቸው የመጨረሻ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 1913 ፈረሙበት። ሻይራስ ረቂቁን ካቀረበ ከስምንት ዓመታት በላይ አልፎ ነበር።

ሕጉን ተከትሎ በወጣው ደንብ ውስጥ አንድ ድንጋጌ አለ፤ ይህን ሰው በልጅነቱ ከነበረው ልማድ ጋር ለሚያስተያይ ሰው ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ፀሐይ መውጫ ተጓዥ ወፎችን ማደን ተከለከለ። ያቺ ብርሃን የምታንስባት ሰዓት፣ የማግኒዥየም ብልጭታም ከፍ ብሎ ለሚያልፍ መንጋ የማይደርስባት ሰዓት፣ ለወፎቹ ተተወች። በፋኖስና በቃታ ያደገው ሻይራስ ከደንቡ አማካሪ ቦርድ አባላት አንዱ ነበር።

ለአንዲት ወፍ ግን ዘግይቶ ነበር። ሻይራስ በረቂቁ ውስጥ የዱር እርግብ ብሎ ከጻፋቸው መካከል አንድ ጊዜ በቢሊዮን የሚቆጠሩ፣ ሲያልፉ ሰማዩን የሚያጨልሙ ተጓዥ እርግቦች ነበሩ። ረቂቁ ሲጻፍ ከዱር ጠፍተው ነበር ማለት ይቻላል። ማርታ የተባለችው የመጨረሻዋ እርግብ መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ፣ በቀፎዋ ውስጥ ሞታ ተገኘች።

በዚያው ዓመት ሕጉም ራሱ በአርካንሶ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተብሎ ተፈረደበት፤ በካንሳስም ተመሳሳይ ፍርድ ተከተለ። ደጋፊዎቹ ሌላ በር አንኳኩ። በነሐሴ 1916 አሜሪካ ካናዳን ከምታስተዳድረው ብሪታንያ ጋር ስለ ተጓዥ ወፎች ውል ተፈራረመች፤ በሐምሌ 1918 ውሉን የሚያስፈጽም ሕግ ወጣ። የሚዙሪ ግዛት ሥልጣኔ ተነካ ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 19 ቀን 1920፣ በሰባት ድምፅ ለሁለት፣ ሕጉ ይጽና ብሎ ፈረደ። ያ ሕግ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሁሉም ደስ አላለውም። ሻይራስ ባለጸጋ ነበር፤ ጠመንጃውን ቢያስቀምጥ ማዕዱ አይጎድልም። በወሽመጡ ዳር ክረምቱን በዳክዬ ሽያጭ የሚገፋው ድሃ ግን እንጀራው ነው የተነካው። የመጨረሻዎቹ ወፎች ቢያልቁ ያ እንጀራ ከጥቂት ዓመታት በላይ እንደማይዘልቅ የእርግቧ ታሪክ ቢያሳይም፣ ለዚያ ቤተሰብ የዚያን ዓመት ክረምት የሚያሻግረው ማስረጃ አልነበረም። ይህን ሳይጠቅሱ የሻይራስን ታሪክ መተረክ ግማሹን መተረክ ነው።

ሻይራስ ከዚያ በኋላም ካሜራውን አልተወም። ወደ አላስካም ወደ የሎውስቶንም ዘለቀ፤ በየሎውስቶን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ያጠናው ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ወገን እንደ ልዩ ንዑስ ዝርያ ተመዝግቦ በስሙ ተጠርቷል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ያየኸውን ሁሉ በመጽሐፍ አኑረው ብለው ቢወተውቱትም እሱ አልተቻኮለም። በ1928 ወደ 2,400 የሚጠጉ የመስታወት ሰሌዳዎቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሰጠ። መጽሐፉ በሁለት ቅጽ የወጣው በ1935፣ ሩዝቬልት ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻይራስ 76 ዓመት ሞልቶታል።

መጋቢት 24 ቀን 1942 በ83 ዓመቱ አረፈ። ያረፈው በልጅነቱ ከጃክ ላፒት ጋር ወደ ሐይቁ ጉዞ በጀመረባት በማርኬት ከተማ ነው። የመስታወት ሰሌዳዎቹ ዛሬም በማኅበሩ ማኅደር ይገኛሉ። ከአንዱ ላይ አንድ ሊንክስ የተባለ የዱር ድመት በኦንታሪዮ በሚገኝ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ፣ ከፊቱ የቆመው ጸጥ ያለ ጥቁር ውኃ ምስሉን ገልብጦ ይዞ፣ በ1902 የበራውን ብልጭታ ትክ ብሎ ይመለከታል።